በውሰት ጆሮ እስከ መቼ?

የሙዚቃ ቴክኖሎጂ በዩኒቨርሲቲ ይሰጥ ብለን ባነሣን ቁጥር ሁለት ዓይነት ሳቅ እንሰማለን። የመጀመሪያው የምሕንድስና ተማሪዎች ሳቅ ነው፤ «ይህን ሁሉ ካልኩለስ ተምረን መጨረሻችን የዘፋኝ ድምፅ ማጉያ መጎተት ነው ወይ?» ይላሉ። ሁለተኛው የሙዚቃ ተማሪዎች ሳቅ ነው፤ «እኛን ክራርና ፒያኖ የለመድነውን ከሽቦና ከቁጥር ጋር ምን አገናኘን?» ይላሉ። በነዚህ በሁለቱ ሳቆች መካከል አንድ ትልቅ ጉዳይ ወድቆ ቀርቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ጉዳይ ከወደቀበት ማንሣት ነው። ማንንም ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ ሆኖም ዝም ብለን ማለፍ ስላልቻልን አስተያየታችንን ለማኅበራችን ጋዜጣ አንባቢዎች እናቀርባለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግለጽ። የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ማለት ማይክሮፎን መትከል ብቻ አይደለም። ድምፅ በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ፥ ከአዳራሽ ግድግዳ ተመልሶ ጆሮን እንዴት እንደሚያደናግር፥ ወደ ኤሌክትሪክ፥ ከዚያም ወደ ቁጥር እንዴት እንደሚለወጥ፥ ቁጥሩም ተመልሶ እንዴት ድምፅ እንደሚሆን የሚመረምር ትምህርት ነው። ለምሳሌ ያህል፥ በሲዲ ላይ ያለ ዘፈን በየሴኮንዱ 44,100 ጊዜ የተለካ ድምፅ ነው። ለምን ይህን ያህል? የሰው ጆሮ ቢበዛ በሴኮንድ 20,000 ገደማ የሚደርስ ንዝረት ስለሚሰማ፥ አንድን ንዝረት በትክክል ለመያዝ ደግሞ ከእጥፉ በላይ መለካት ስለሚያስፈልግ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ፊዚክስና ሒሳብ ያውቃል። ሙዚቃ ካላወቀ ግን የለካው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። ሁለቱን በአንድ ራስ ውስጥ ማዋሐድ ነው የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር።

ትምህርቱ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በጀርመን ሀገር በዴትሞልት ከተማ ሙዚቀኝነትንና የድምፅ ቴክኒክን አጣምሮ የሚያስተምር ክፍል የተከፈተው በ1949 ነው። በእንግሊዝ ሀገር የሰሪ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳዩን በ1970 ጀምሯል። በአሜሪካ ደግሞ ጆን ቻውኒንግ የተባለ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቀኛ በ1967 አንድን ንዝረት በሌላ ንዝረት እያወዛወዙ በኮምፒዩተር አዳዲስ ድምፆችን መፍጠር የሚቻልበትን ዘዴ አገኘ። ዩኒቨርሲቲው በመጀመሪያ ሰውዬውን በቋሚ መምህርነት አላጸናውም ነበር። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ ዘዴውን ገዝቶ በ1983 ዲ ኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ ባወጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ስታንፎርድም ከዚያ ፈቃድ በጠቅላላው ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። ሙዚቃና ምሕንድስናን አጣምሮ መማር ዳቦ አያመጣም ለሚሉ ወዳጆቻችን ይህ አንድ መልስ ይሆናል።

ነገር ግን ከስታንፎርድ ይልቅ የሚቀርበን ታሪክ አለ። ሐሊም ኤልዳብ የተባለው ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ በ1944 በካይሮ ከተማ፥ በብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ አግኝቶ የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀረጸ። የቀረጸውንም ድምፅ ማሚቶውን እየጨመረና እየቀነሰ፥ አንዱን ነገር እያጎላ ሌላውን እያደበዘዘ አዲስ ድርሰት አደረገው። በፓሪስ ፒየር ሼፈር በዚህ ዓይነት ሥራ ስሙ የተነሣው በ1948 ስለሆነ፥ የካይሮው ሥራ በዓለም ላይ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዎች አንዱ ነው። የተሠራውም የእኛም እናቶች ከሚያውቁት ከዛር ዜማ ነው። ይኸው ሰው ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ አስተምሯል፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል። ልብ እንበል፤ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጀማሪ ከሆኑት አንዱ ወደ ሀገራችን መጥቶ ሥራዬ ብሎ የያዘው ክራሩን፥ ማሲንቆውንና ዋሽንቱን በአንድ መድረክ ላይ ማሰባሰብ ነበር። ይህ ሰው መሣሪያውን ከብዙዎች በፊት ያወቀ ሲሆን፥ ከመሣሪያው በፊት የሚሰማውን ነገር ማክበር እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ይህ ከሆነ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል። እኛ ተማሪዎች ግን ዛሬም ሙዚቃውን በአንድ ግቢ፥ ኤሌክትሪኩን በሌላ ግቢ እንማራለን።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳባችን እንምጣ። ወጣቱ ዛሬ ሙዚቃ የሚሠራባቸው ኪቦርዶችና የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ባዶ ዕቃ አይደሉም። እያንዳንዳቸው በፋብሪካ ከሌላ ሰው ጆሮ ጋር ተገጥመው ይመጣሉ። በ1983 መሣሪያ ሠሪዎች ኪቦርዶቻቸው እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ሚዲ የተባለ ቋንቋ በስምምነት አወጡ። በዚህ ቋንቋ እያንዳንዱ ኖታ ከ0 እስከ 127 ባለው ውስጥ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ካልተነካካ በቀር አንዱ ስምንዮሽ በ12 እኩል ደረጃዎች ተከፍሎ ይወጣል። ይህ የፒያኖው መንገድ ነው፤ ለፒያኖውም መልካም ነው። የእኛዎቹ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን በአምስት በአምስት ድምፆች የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። ማሲንቆ መቺው ድምፁን የሚያስቀምጠው በጣቱና በጆሮው ነው፤ ጆሮውንም ያስተካከለለት የመምህሩ ጆሮ ነው። እርሱ ያስቀመጠው ድምፅ ሁልጊዜ በፒያኖው ቁልፍ ላይ አያርፍም። አንዳንድ ጊዜ በሁለት ቁልፎች መካከል ይቀመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ያልፋል። የዜማው ለዛም ያለው እዚያ መካከል ነው።

በ1997 የወጣው ኦቶ-ቲዩን የተባለው ፕሮግራም የዘፋኝን ድምፅ እየለካ «ተሳስቷል» ያለውን ወደ ቅርቡ ኖታ ይጎትታል። ቅርቡ ኖታ የተባለው ግን የትኛው ነው? ፕሮግራሙን የሚያዘው ሰው ሌላ ካልነገረው በቀር፥ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነው። እንግዲህ አንዲት ድምፃዊት ከአያቷ የወረሰችውን የአምባሰል መንሸራተት ስታሰማ፥ ቅኝት የማያውቀው ባለስቱዲዮ አስተካከልኩላት ብሎ ያበላሽባታል። እርሷም ራሷን በማጉያው በሰማች ጊዜ ተሳስቼ ኖሯል ብላ ታፍራለች። እኛን የሚያሳስበን ይህ ዓይነቱ ነው፤ መሣሪያው ሰውን ሲያርም፥ ሰውየውም ሳይሳሳት ሲታረም።

በገናን እንውሰድ። አሥር አውታር አለው፤ በአውታሩና በመቆሚያው መካከልም ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ያን ወፍራም፥ እንደ ንብ የሚያንዛዝዝ ድምፅ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። አባቶች ቆዳውን ያስገቡት አስበው ነው፤ ማንዛዘዙ የበገናው ነፍስ ነውና። በገና ሰምቶ የማያውቅ ባለሙያ ግን ሽቦ የተበላሸ መስሎት ጫጫታ ማጥፊያውን ይከፍታል። ፕሮግራሙም የታዘዘውን ይፈጽማል። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥሩ ንጹሕ ድምፅ ነው፤ በገና ግን አይደለም።

በምቱም በኩል እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ የሙዚቃ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ አራት ምት በአንድ ቤት፥ በደቂቃ 120 ብለው ይጠብቁናል። የእኛ ችክችካ ግን በስድስት የሚቆጠር ነው፤ ከበሮ መቺውም በሁለትና በሦስት መካከል እየተወላወለ ይጫወተዋል። ይህን የማያውቅ ልጅ ምቱን ወደ መስመሩ ጎትቶ ያሰልፈዋል፤ ወታደር ያደርገዋል። ከዚያም «የሀገር ድምፅ» ፍለጋ ባሕር ማዶ ተቀርጾ የሚሸጥ የከበሮ ድምፅ ሲገዛ እናየዋለን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

በዚህ አነጋገራችን መሣሪያውን የምንጠላ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ይኸው ሚዲ የተባለው ቋንቋ ድምፅን ከኖታው ከፍና ዝቅ ማድረጊያ መንገድ ከመጀመሪያው ነበረው፤ በ1992 ሰው የፈለገውን ቅኝት የሚያስገባበት ደንብ ተጨመረለት፤ በ2020 የወጣው ሁለተኛው ሚዲ ደግሞ ይህን የበለጠ አሻሽሎታል። በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። የጠፋው በዚያ በር የሚገባ ሰው ነው፤ ቅኝቱን ከሊቃውንት የሰማ፥ ቁጥሩን ደግሞ ከመምህራን የተማረ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው በድንገት አይወለድም፤ ይማራል እንጂ። የሚማርበትም ቦታ ዩኒቨርሲቲ መሆን አለበት።

የሙዚቃችን ታሪክ ስለዚህ ነገር ብዙ ያስተምረናል። አቶ አምሃ እሸቴ በ1969 በራሱ ድፍረት የሸክላ ኩባንያ ባቋቋመ ጊዜ ዘፈኑ የአዲስ አበባ ሆኖ ሸክላው የተመታው በህንድ ሀገር ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዚያን ዘመን ዘፈኖች ሰብስቦ ለዓለም ያስተዋወቀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ የታተመው በፓሪስ ነው። አቶ ኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከሰው ሠራሽ ከበሮ ጋር አጋብቶ በ1985 በዋሽንግተን የሠራውን ካሴት ዓለም በሰፊው የሰማው፥ በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው ነው። እነዚህን ሥራዎች ያሳተሙትን ሁሉ እናመሰግናለን። ሆኖም ሸክላውን ሌላ ሲመታ፥ ቴፑን ሌላ ሲያድስ፥ ኪቦርዱን ሌላ ሲቃኝ፥ የእኛ ድርሻ መዝፈን ብቻ ሆኖ መቅረቱ ሊያስቆጨን ይገባል።

ከዚህም የባሰ አለ። በድሮ የቴፕ ክር ላይ ድምፁን የያዘው የብረት ዱቄት በሙጫ የተለጠፈ ነው። ሙጫው በዘመን ብዛት እርጥበት እየሳበ ይጣበቃል፤ እንዲያ በሆነ ጊዜ ቴፑን ያለ ጥንቃቄ ያጫወተ ሰው ዱቄቱን ከነድምፁ ልጦ ይጥለዋል። ለማዳን የሚያውቅ ሰው፥ በደንብ የተስተካከለ ማጫወቻና ትዕግሥት ያስፈልጋል። ማጫወቻዎቹም ከዓመት ወደ ዓመት እየጠፉ ናቸው። በየሬዲዮ ጣቢያው፥ በየመሥሪያ ቤቱና በየሰው ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጡት ቴፖች እስክንመረቅ አይጠብቁንም። የፈረሰ ሕንፃ እንደገና ይሠራ ይሆናል፤ የሞተ አዝማሪ ድምፅ ግን ከቴፑ ከተላጠ በኋላ በምንም ገንዘብ አይመለስም።

አሁን ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን እንስማ።

«ሕዝባችን ውኃና መድኃኒት ሲሻ እናንተ ስለ ዘፈን ታወራላችሁ» የሚሉ አሉ። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ በቀላሉ አናልፈውም። ነገር ግን ድምፅን የሚተነትነው ሒሳብ አንድ ነው። ኦቶ-ቲዩንን የፈለሰፈው አንዲ ሂልደብራንድ አስቀድሞ የድምፅ ሞገድ ወደ መሬት ውስጥ እየተላከ ነዳጅ በሚፈለግበት ሙያ ላይ የነበረ መሐንዲስ ነው። በድምፅ ሞገድ ፅንስ የሚታየውም በዚሁ የትምህርት ዘር ነው። የበገናን ማንዛዘዝ ለክቶ ለመረዳት የደከመ ተማሪ ነገ በሆስፒታል ወይም በቴሌፎን ሥራ ላይ ቢሰማራ እንግዳ አይሆንም። ደግሞስ በየምረቃው በዓል ማይክሮፎኑ ሲያፏጭ ጆሯችንን ይዘን የምንስቀው እስከ መቼ ነው? ማይክሮፎኑ ከማጉያው የወጣውን ድምፅ መልሶ እየሰማ፥ ማጉያው ደግሞ ያንኑ እያጎላ ስለሚዞሩ ነው የሚያፏጨው። የቦታ አቀማመጥ ጉዳይ ነው። ሺህ መሐንዲስ በተሰበሰበበት አዳራሽ ይህን የሚያስተካክል አንድ ሰው መጥፋቱ አያሳፍርም?

«ኢንተርኔት እያለ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። በየሰፈሩ በአንዲት ኮምፒዩተር ራሳቸውን አስተምረው ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ወጣቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ እናከብራቸዋለንም። ነገር ግን ከኢንተርኔት የሚገኘው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን እንጂ ለምን እንደሚጫን አያስረዳም። ከዚያም በላይ የባሕር ማዶው አስተማሪ አንቺሆዬ ምን እንደሆነ አያውቅም። ያንን የምናውቀው እኛ ነን፤ ወይም ልናውቀው ይገባን ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ በግልጽ አይነገርም፤ በየቤታችን ግን አለ። «ልጄን ለአዝማሪነት አላስተማርኩም» የሚለው ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የሄደው ምሕንድስና እንዲማር ታስቦ ነበር። ሙዚቃን መርጦ፥ ቦስተን በሚገኘው በበርክሊ ተምሮ፥ ኢትዮ-ጃዝን ይዞልን መጣ። በዚያን ጊዜ ሁለቱን አጣምሮ መማር የሚቻልበት ክፍል ቢኖር ኖሮ ምን ይዞ ይመጣ ነበር ብሎ ማሰብ አያስከፋም። አዝማሪን የናቀ ሕዝብ የአዝማሪውን ጥበብ ለካሁ የሚል ሳይንቲስት ሊያፈራ አይችልም። ስለዚህ ንቀቱን መጣል የትምህርቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ መሆን አለበት።

እንግዲህ የምንጠይቀው ምንድር ነው? አዲስ ሕንፃ አይደለም።

አንደኛ፥ የኤሌክትሪክ ምሕንድስናና የሙዚቃ ተማሪዎች በአንድ ክፍል የሚቀመጡበት አንድ የጋራ ኮርስ ይጀመር። መሐንዲሱ ቅኝትን በጆሮው እንዲለይ፥ ሙዚቀኛው የድምፅን ፊዚክስ እንዲረዳ ይገደድ። ሁለቱም ሳይተጋገዙ ሊፈጽሙት የማይችሉት ሥራ ይሰጣቸው።

ሁለተኛ፥ ከጎንደር፥ ከወሎ፥ ከትግራይና ከሌላውም ስፍራ የታወቁ ባለሙያዎች ተጋብዘው ቅኝታቸው ይቀረጽ፤ ይለካም። የዶርዜ ሕዝብ በብዙ ድምፅ የሚያዜመውም ዜማ እንዳይረሳ። ለባለሙያዎቹ እንደ መምህር ይከፈላቸው፤ የተቀረጸውም ያለ ፈቃዳቸው አይሸጥ። ዲግሪ ስለሌላቸው ሊቅነታቸው አይቀንስም። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስጠነቅቃለን። ከልኬቱ ተነሥቶ «ትክክለኛው ትዝታ ይህ ነው» ብሎ አውጆ ሌላውን ስሕተት ማለት እንደገና ኦቶ-ቲዩን መሆን ነው። የምንፈልገው የጎንደሩና የወሎው አንድ እንዲሆኑ ሳይሆን ልዩነታቸው እንዲታወቅና መሣሪያውም ለሁሉም እንዲታዘዝ ነው።

ሦስተኛ፥ አንዲት ትንሽ ክፍል ለአሮጌ ቴፖች ማዳኛ ትሰጥ። ተማሪዎች በዚያ ሠርተው ማርክ ያግኙበት።

አራተኛውን የምንጠይቀው ራሳችንን ነው። እስከዚያ ድረስ እጅ አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። በግቢያችን ክራር የሚመታ አለ፤ ፕሮግራም የሚጽፍ አለ፤ ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጣ ዜማ ዐዋቂ አለ፤ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ኮምፒዩተር አይጠፋም። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰባስበን አንድ ባለሙያ ብንቀርጽ፥ የቀረጽነውንም በጋራ ብንሰማና ብንለካው በዓመቱ መጨረሻ የምናሳየው ነገር ይኖረናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጥያቄያችንን ለባለሥልጣናት የምናቀርበውም ባዶ እጃችንን ሳይሆን ሥራችንን ይዘን ቢሆን ይሻላል።

የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚዎች ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባቸው አጀንዳ ውስጥ እንዲያስገቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን። በዚህ አስተያየት የማይስማሙ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ በሚቀጥለው እትም እንዲጽፉብን እንጋብዛለን። ከሚስቁብን ይልቅ ቢከራከሩን እንመርጣለን።